በ220 ናኖሰከንድ አንድ ምስል፦ የነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር ዲቴክተሮች እንዴት ይሠራሉ?

ጅማ ሆስፒታል ገብቶ የደረት ራጅ የሚነሳ ሰው ትንፋሹን ያዝ እንዲያደርግ የሚነገረው ምስሉ እንዳይደበዝዝ ነው። ጨረሩ የሚቆየው ለጥቂት መቶኛ ሰከንድ ቢሆንም ፎቶኖቹ (የብርሃን ቅንጣቶቹ) እየተከታተሉ ለመድረስ ጊዜ አላቸው፤ መሣሪያውም እያጠራቀመ ምስል ይሠራል። ሐምቡርግ አጠገብ ያለው የአውሮፓ ኤክስሬይ ነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር፣ ማለትም በፍጥነት ከሚነዱ ኤሌክትሮኖች የኤክስሬይ ምት የሚያወጣው ማሽን፣ ይህን ፋታ አይሰጥም። ከ2017 ጀምሮ ለተመራማሪዎች ክፍት የሆነው ይህ 3.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ማሽን (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ አንድ ሺህ ቢሊዮን የሚደርሱ ፎቶኖችን በአንድ ምት ይተኩሳል። ምቱ የሚቆየው ቢበዛ መቶ ፌምቶሰከንድ ያህል ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ጨረር ያረፈበት የፕሮቲን ክሪስታል ወይም ቫይረስ ይተናል። ነገር ግን አተሞቹ ከቦታቸው ከመነቃነቃቸው በፊት ፎቶኖቹ ተበትነው ያልፋሉ። ይህ ሊሆን እንደሚችል በ2000 በስሌት ታየ፤ በ2011 ደግሞ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኤልሲኤልኤስ በተባለው ሌዘር እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የፕሮቲን ክሪስታሎች ላይ ተረጋገጠ። ስለዚህ አንድ ናሙና የሚሰጠው አንድ ምስል ብቻ ነው። ዲቴክተሩ (ፎቶኖቹን ተቀብሎ ምስሉን የሚቀርጸው መሣሪያ) ያንን ምስል ካበላሸ ናሙናው ተመልሶ አይገኝም። ሙሉ መዋቅር ለማውጣት ደግሞ እንዲህ ያሉ ምስሎች በሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች ያስፈልጋሉ።

የሐምቡርጉ ማሽን ምቶቹን እኩል አያከፋፍልም። በሰከንድ 10 ጥቅል ይልካል። አንዱ ጥቅል 600 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ በውስጡ እስከ 2,700 ምት አለ። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 220 ናኖሰከንድ ብቻ ነው፤ ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ የሚሄደው 66 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ 99.4 ሚሊሰከንድ ጸጥታ ይሆናል። የዲቴክተሮቹ አሠራር ሁሉ የቆመው በዚህ ጸጥታ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናየዋለን።

ለምን አይቆጥርም?

በተለመዱት የኤክስሬይ ማዕከሎች፣ ለምሳሌ እንደ ዮርዳኖሱ ሴሳሚ ባሉ ሲንክሮትሮኖች (ኤሌክትሮኖችን በክብ እያዞሩ ኤክስሬይ በሚያወጡ ማሽኖች)፣ ፎቶን የሚቆጥሩ ዲቴክተሮች በሰፊው ይሠራባቸዋል። አንድ ፎቶን ሲያርፍ ፒክስሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ያወጣል፤ ምቱ ከተወሰነ ወለል ካለፈ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ንጹሕ ዘዴ ነው፤ ረብሻው ከወለሉ በታች ይቀራል። በነጻ ኤሌክትሮን ሌዘር ግን ይወድቃል። የጅማን የክረምት ዝናብ አስቡ፦ ሲያካፋ ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈውን ጠብታ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ዶፉ ሲወርድ ግን ጆሮ መለየት ስለማይችል ባልዲ ደቅኖ ምን ያህል እንደሞላ ማየት ይሻላል። ሺህ ፎቶኖች አንድ ፒክስል ላይ ባንድ ጊዜ ሲያርፉ ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ምት ስለሆነ “አንድ” ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው የተጠራቀመውን ቻርጅ የሚለካ ዲቴክተር ብቻ ነው።

መለካት ግን የራሱን ጣጣ ያመጣል። በአንድ ምስል ውስጥ አብዛኛው ፒክስል ዜሮ ፎቶን፣ ጥቂቱ አንድ፣ ክሪስታሉ ያንጸባረቀበት ነጥብ ደግሞ ሺዎችን ሊቀበል ይችላል። ያው መሣሪያ፣ በዚያው ቅጽበት፣ አንዷን ፎቶን ከባዶ መለየትም አሥር ሺውን ሳይሞላ መያዝም አለበት።

በአንድ ፒክስል ውስጥ

እንደ ምሳሌ ኤጂአይፒዲ የተባለውን እንውሰድ። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ተቋማት ትብብር ለሐምቡርጉ ሌዘር የተሠራ ነው። ሙሉው ዲቴክተር አንድ ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ እያንዳንዱ ፒክስል 200 ማይክሮሜትር በ200 ማይክሮሜትር ነው። በ16 ሞጁሎች ተከፍሏል፤ አንዱ ሞጁል 128 በ512 ፒክስል ነው። መካከሉ ላይ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ያልተበተነው ዋና ጨረር በዚያ ያልፋል፤ አለበለዚያ መሣሪያውን ይበሳዋል።

ፊት ለፊት ያለው 500 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሲሊከን ነው። ኤክስሬይ ሲሊከን ውስጥ ሲዋጥ በየ3.65 ኤሌክትሮንቮልቱ (ኤሌክትሮንቮልት የፎቶን ኃይል መለኪያ ነው) አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ጉድጓድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የለቀቀው ባዶ ቦታ፣ ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ የ12 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ፎቶን 3,300 ያህል ኤሌክትሮን ያወጣል። ይህ ውፍረት በ12 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ከሚመጡት ፎቶኖች 90 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በ20 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ግን 40 በመቶ ገደማውን ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ሳይታይ ያልፋል። ለከፍተኛ ኃይል እንደ ካድሚየም ቴሉራይድ ያሉ ከባድ ቁሶች የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

በሲሊከኑ ላይ የብዙ መቶ ቮልት ግፊት ይደረጋል፤ ቻርጁን ወደ ፒክስሉ የሚነዳው እሱ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል በጥቃቅን የብረት ጉብታ ከስሩ ካለው ቺፕ ጋር ተያይዟል። ቺፑ ላይ ቻርጁ መጀመሪያ ወደ አንድ ትንሽ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ይገባል። ካፓሲተሩ ትንሽ በመሆኑ ጥቂት ኤሌክትሮን እንኳ ትልቅ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ አንድ ፎቶን ጎልቶ የሚታየው በዚህ ነው። ነገር ግን በጥቂት አሥር ፎቶን ይሞላል። ቮልቴጁ ከወለል ሲያልፍ አንድ ማነጻጸሪያ ሰርኪት ሁለተኛውን ትልቅ ካፓሲተር በራሱ ይቀጥላል፤ እሱም ቢሞላ ሦስተኛውን። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በየፒክስሉ፣ በየምቱ፣ ያለማንም ትእዛዝ ነው። እንዲህ በሦስት የማጉያ ደረጃ ከአንድ ፎቶን እስከ 10,000 ገደማ ይደረሳል።

አሁን ወደ ጸጥታው እንመለስ። አንድ ሚሊዮን ፒክስል በ220 ናኖሰከንድ ውስጥ አንብቦ ወደ ውጭ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ማንም አይሞክረውም። እያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ 352 ጥቃቅን የማስታወሻ ቋቶች ተሠርተዋል፤ እነሱም ካፓሲተሮች ናቸው። አንድ ምት ሲያልፍ ውጤቱ በአንዱ ቋት ይቀመጣል፤ ማጉያው ይጸዳል፤ የሚቀጥለው ይጠበቃል። ንባቡ የሚካሄደው ጥቅሉ ካለፈ በኋላ በ99.4 ሚሊሰከንዱ ውስጥ ነው። ከ2,700 ምቶች 352ቱ ብቻ የሚቀረጹትም ስለዚህ ነው። ቋት ለመጨመር ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታው ደግሞ ከ200 ማይክሮሜትሩ ፒክስል አያልፍም። ናሙናው ያልተመታበት ምት እንደሆነ በጊዜ ከታወቀ ቋቱን በሌላ ምስል መተካት ይቻላል፤ ለባዶ ምስል ቋት ማባከን እጅግ ያሳዝናል።

በዚያው ማዕከል ሌሎችም አሉ። በእንግሊዝ የተሠራው ኤልፒዲ 500 ማይክሮሜትር የሆነ ሰፋ ያለ ፒክስልና 512 ቋት አለው፤ ደረጃውን በመቀያየር ፈንታ ሦስቱንም የማጉያ ደረጃዎች ባንድ ጊዜ ይመዘግባል። ዲኤስኤስሲ ባለ ስድስት ጎን ፒክስልና 800 ቋት ይዞ ዝቅተኛ ኃይል ላላቸው ኤክስሬዮች ይሠራል። የስዊዘርላንዱ ዩንግፍራው 75 ማይክሮሜትር በሆነ ፒክስል ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ቋቶቹ ግን 16 ናቸው።

ምን ይበላሻል?

የመጀመሪያው ረብሻ ነው። ምንም ፎቶን ሳይኖር ፒክስሉ ዜሮ አያነብም፤ ንባቡ ይዋዥቃል። ዋዣቂነቱ 300 ኤሌክትሮን ነው ብለን እናስላ፤ ከእውነተኛው ብዙ አይርቅም። ውሳኔው ቀላል ይመስላል፦ ንባቡ ከግማሽ ፎቶን ከበለጠ “ፎቶን አለ” እንላለን። በ12 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ግማሽ ፎቶን 1,640 ያህል ኤሌክትሮን፣ ማለትም ከረብሻው 5.5 እጥፍ ነው። በዚህ ርቀት አንድ ሚሊዮን ፒክስል ያለው ምስል በየ50 ምስሉ አንድ ገደማ የሐሰት ፎቶን ያሳያል። በ8 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ርቀቱ ወደ 3.7 ይወርዳል፤ በአንድ ምስል ከመቶ በላይ የሐሰት ፎቶን ይኖራል። በ3 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት 1.4 ብቻ ስለሚሆን 80 ሺህ ገደማ የሐሰት ፎቶን ይወጣል፤ ምስሉ ጥቅም የለውም። ዝቅተኛ ኃይል የራሱን ዲቴክተር የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሙከራ የሚያቅድ ሰው ይህን ስሌት ከሁሉ በፊት በወረቀት ላይ መሥራት አለበት።

ሁለተኛው በቋቶቹ የተቀመጠው ቻርጅ መፍሰሱ ነው። መጨረሻ የሚነበበው ቋት ብዙ አሥር ሚሊሰከንዶች ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ይሸረሸራል። ፍሳሹ በሙቀት ይጨምራል፤ ሲሊከን ውስጥ በየ8 ዲግሪው ገደማ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ዲቴክተሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ነገር አየር ውስጥ ጤዛ ስለሚይዝ ደግሞ ቫክዩም ውስጥ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ሊዛነፍ አይገባም፦ መጀመሪያ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይሰጣል። ሲዘጋ በተቃራኒው ነው። አየሩ በከፊል ወጥቶ ግፊቱ ጥቂት ሚሊባር ሲሆን ብዙ መቶ ቮልት የሰጠ ሰው ብልጭታ ይገጥመዋል፤ በዚያ ግፊት ጋዝ በቀላሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቀዝቅዞ ሳለ አየር ያስገባ ደግሞ የረጠበ ቺፕ ያገኛል።

ሦስተኛው በጣም ደማቅ ነጥቦች ላይ ይታያል። ሺዎች ፎቶን አንድ ቦታ ሲዋጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሮንና የጉድጓድ ደመና በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን የውጩን ቮልቴጅ ይመክታል። ቻርጁ ለመሰብሰብ ይዘገያል፤ እስኪሰበሰብም ወደ ጎረቤት ፒክስሎች ይሰፋል። የዘገየው ክፍል ወደሚቀጥለው ምስል ሊሻገርም ይችላል። መድኃኒቱ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው፤ 500 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ጨረሩ ራሱም ዲቴክተሩን ያስረጀዋል። በዚህ ኃይል ያሉ ኤክስሬዮች የሲሊከንን አተም ከቦታው የመግፋት አቅም ስለሌላቸው የክሪስታሉ ውስጥ አይጎዳም። የሚጎዳው የሲሊከን ኦክሳይዱ ንጣፍ ነው፤ እዚያ አዎንታዊ ቻርጅ እየተጠራቀመ ፍሳሽን ይጨምራል። ይህ ዝግተኛ ጉዳት ነው። ፈጣኑ ጉዳት የሚመጣው ናሙና ከሚያመጣው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ቫክዩም ውስጥ ሲረጭ በረዶ ከሠራ፣ የበረዶው ክሪስታል ጨረሩን አጠናክሮ በአንድ ነጥብ ላይ ይመልሰዋል፤ ፒክስሎቹም በአንድ ምት ይቃጠላሉ። ቀረጻ በሚካሄድበት ጊዜ አንድ ሰው የፈሳሹን ካሜራ ከዓይኑ ባያጠፋ ጥሩ ነው።

ንባቡ ወደ ፎቶን የሚለወጠው እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሙከራ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከዲቴክተሩ የሚወጣው ቁጥር ፎቶን አይደለም። ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ቋት፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ መነሻ (ፎቶን ሳይኖር የሚነበበው ቁጥር) እና የራሱ ማጉያ (አንድ ፎቶን ንባቡን የሚጨምርበት መጠን) አለው። አንድ ሚሊዮን ፒክስል በ352 ቋት ሲባዛ 369 ሚሊዮን ነው፤ በሦስት ደረጃ 1.1 ቢሊዮን ይሆናል። ለመነሻው ብቻ ይህን ያህል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለማጉያው ሌላ ይህን ያህል።

መነሻው የሚገኘው በጨለማ ቀረጻ ነው። ጨረሩ ተዘግቶ፣ ሙቀቱ፣ የቋቱ ብዛትና የመሰብሰቢያ ጊዜው በሙከራው ላይ እንደሚሆነው ተደርጎ ጥቂት መቶ ጥቅሎች ይቀረጻሉ። ይህ ለሦስቱም ደረጃዎች ይደገማል፤ ብርሃን ስለሌለ ፒክስሉ በራሱ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አይሄድም፤ ደረጃው በትእዛዝ ይቆለፋል። የየአንዳንዱ አማካይ መነሻው ነው፤ የየአንዳንዱ ልይይት (ንባቦቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) ረብሻው ነው። በ300 ጥቅል የአማካዩ ስህተት 17 ኤሌክትሮን ያህል ይሆናል፤ ይበቃል። ከሙቀቱ ወይም ከምቶቹ ርቀት አንዱ ከተቀየረ የድሮው የጨለማ ቀረጻ አይሠራም፤ እንደገና ይቀረጻል። በየፈረቃው መጀመሪያ መድገም ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው አሉ፤ ያለዚያ የተሰበሰበ ውሂብ ግን በኋላ የሚጠገንበት መንገድ ጠባብ ነው።

ማጉያው ከባድ ነው። ለከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም ለትንሹ ካፓሲተር፣ የመዳብ ቅጠል በጨረሩ ይመታና የሚያወጣው 8.05 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ብርሃን ዲቴክተሩ ላይ በስሱ ይፈስሳል፤ በአማካይ በፒክስል ከአንድ ፎቶን በታች እንዲሆን ይደረጋል። የየፒክስሉ ንባብ ሲደረደር የዜሮ ፎቶን ጉብታና የአንድ ፎቶን ጉብታ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ማጉያው ነው። ሁለት ነገር ያሳስታል፦ ፒክስሎች ድንበር ላይ ያረፈ ፎቶን ቻርጁ ለሁለት ስለሚከፈል በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሸለቆ ይሞላል፤ መዳቡም በ8.9 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ሌላ ደካማ መስመር ስላለው የአንድ ፎቶኑን ጉብታ ቀኝ ትከሻ ያሳብጣል። ሁለቱን ያላካተተ ስሌት ማጉያውን ያዛባል። ለቀሪዎቹ ሁለት ደረጃዎች ይህ ብርሃን አይበቃም፤ ቺፑ ውስጥ በተሠራ የኤሌክትሪክ ምንጭ ደረጃ በደረጃ እየተሞላ ይለካል።

ከዚያ የደረጃው ምልክት አለ። ፒክስሉ በየትኛው ደረጃ እንደነበረ የሚነግረን ከዋናው ንባብ ጋር አብሮ የሚወጣ ሁለተኛ ቮልቴጅ ነው። ሦስቱ ደረጃዎች ሦስት ክምር ይሠራሉ፤ ክምሮቹ ከተነካኩ ግን ደረጃው ይሳሳታል። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ጥምርታ ለምሳሌ 40 ከሆነ፣ 200 ፎቶን የነበረው ቦታ 5 ሆኖ ይወጣል። ክሪስታሉ በጉልህ ባንጸባረቀበት ነጥብ መካከል ድንገት ጥቁር ፒክስል ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ሌላው የጋራ መዋዠቅ ነው፤ የአንድ ቺፕ ፒክስሎች በሙሉ በአንድ ምስል ላይ አብረው ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ። የቺፑን መካከለኛ ዋጋ (ንባቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘውን) ወስዶ ከሁሉም መቀነስ ያስተካክለዋል፤ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፒክስል ባዶ ሲሆን ብቻ። ውሃ ወይም ፈሳሽ ሰፊ ቀለበት ሲበትን መካከለኛው ዋጋ ዜሮ ስለማይሆን ማስተካከያው እውነተኛውን ብርሃን ቆርጦ ይጥላል። ይህ ስህተት ምስሉን የሚያምር ስለሚያስመስለው በተለይ አደገኛ ነው።

ከጅማ ምን መሥራት ይቻላል?

አፍሪካ ውስጥ እስካሁን ሲንክሮትሮን እንኳ የለም፤ ነጻ ኤሌክትሮን ሌዘርም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ከላይ ያየነው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ማሽኑ ካለበት ዋሻ ውጭ በኮምፒውተር ላይ ነው። የሐምቡርጉ ማዕከል የመረጃ መመሪያ ጥሬው ውሂብ በመደበኛው ከሦስት ዓመት በኋላ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ ሲኤክስአይዲቢ የተባለው የመረጃ ቋትም የበርካታ ሙከራዎችን ውሂብ በነጻ ይሰጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍልም ሆነ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ይህን ለመመረቂያ ሥራ ቢይዙት የሚወጣው ውጤት እውነተኛ ነው።

እንቅፋቱ መጠኑ ነው። አንድ ሙሉ ዲቴክተር በሰከንድ 3,520 ምስል ያወጣል፤ በፒክስል ሁለት ቁጥር (ንባቡና የደረጃው ምልክት)፣ በቁጥር ሁለት ባይት ሲሰላ 14.8 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። ይህ ጅማ ላይ በየትኛውም መስመር አይወርድም፤ መውረድም የለበትም። አንድ ሞጁል ብቻ ምረጡ። አንድ ሞጁል ከነ352 ቋቱ በጥቅል 92 ሜጋባይት ነው። ከቋቶቹ የመጀመሪያዎቹን 10 ብቻ ብትወስዱ 2.6 ሜጋባይት ይሆናል፤ 300 ጥቅል ሲሰበሰብ 790 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በፍላሽ ይያዛል። መስመር ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሙ፤ ፋይሎቹ በኤችዲኤፍ5 ቅርጽ ስለሚቀመጡ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ወደ ማስታወሻ አትጫኑ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እያነበባችሁ አማካዩንና ልይይቱን እያደሳችሁ ሂዱ፤ በፓይተን ከ50 መስመር በታች ይጠናቀቃል፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃዋል። ልይይቱን በድምር ካሬ ስታሰሉ ባለ 32 ቢት ቁጥር አትጠቀሙ፤ ንባቦቹ በሺዎች ስለሚቆጠሩ ካሬያቸው ትክክለኛነቱን ይበላዋል፤ 64 ቢት አድርጉት። ከዚያ የረብሻውን ካርታ በምስል አውጡ። ከሌሎቹ እጅግ የራቁትን ፒክስሎች ምልክት አድርጋችሁ አስወግዱ፤ ዜሮ ረብሻ ያለው ፒክስልም ሞቷልና እሱንም አትርሱ። የመጀመሪያውን ቋት ለብቻው ተመልከቱ፤ ከጎረቤቶቹ የሚለይ መነሻ ካሳየ ለብቻው መታየት አለበት። በቺፖቹ ድንበር ያሉትን ፒክስሎችም እንዲሁ፤ በብዙ ዲቴክተሮች ድንበሩ ላይ ያሉት ሰፋ ስለሚሉ ከሌሎቹ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባሉ።

ወደ ክሪስታል ምስሎች ለመሻገር ክሪስትፌል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አለ። ከእሱ በፊት የሞጁሎቹ ትክክለኛ አቀማመጥ መግባት አለበት፤ የአንድ ፒክስል ስፋት ያህል መዛነፍ ሩቅ ያሉትን ነጥቦች ከቦታቸው ያወጣል፤ ክሪስታሉም አልተገኘም ይባላል።

ለወደፊቱ ደግሞ ክፍት ጥያቄ አለ። በካሊፎርኒያ በመስከረም 2023 የመጀመሪያውን ብርሃን ያወጣው “ኤልሲኤልኤስ ሁለት” የተባለው ሌዘር እስከ አንድ ሚሊዮን ምት በሰከንድ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ምቶቹም እኩል ተከፋፍለው ያለማቋረጥ ይመጣሉ። 99.4 ሚሊሰከንድ የሚባል ጸጥታ የለም፤ ስለዚህ በቋት አስቀምጦ በኋላ ማንበብ አይሠራም። አንድ ሚሊዮን ፒክስል በሁለት ባይት በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢነበብ 2 ቴራባይት በሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ቺፑ ራሱ ባዶውን ፒክስል ጥሎ ፎቶን ያረፈበትን ብቻ እንዲልክ የሚያደርጉ ንድፎች እየተሠሩ ነው። ያ ማለት መነሻውና ወለሉ በኋላ በኮምፒውተር ሳይሆን አስቀድሞ በቺፑ ላይ በትክክል ተቀምጠው መገኘት አለባቸው፤ ቺፑ አንዴ የጣለውን ፎቶን መልሶ የሚያገኘው የለምና።